ስለ «ሰውነት ማጽጃ ሻይ» የተጻፈውን ለተማሪዎቼ እንዴት ላስነብባቸው?

መምህር ከለገሃሬ (ድሬዳዋ)፦

ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አማርኛ አስተምራለሁ። አንባቢን ለማሳመን ስለሚጻፉ ጽሑፎች በምናጠናበት ሳምንት፣ ተማሪዎቹ በቤታቸው ወይም በስልካቸው ካገኙት አንድ አንድ ጽሑፍ ይዘው እንዲመጡ አዝዤ ነበር። እኔ የጠበቅሁት የምርጫ ንግግር፣ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ወይም የባንክ ማስታወቂያ ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት ግን ይዘው የመጡት ስለ ጤና የተጻፈ ነው፤ ስለ ሽፈራው (ሞሪንጋ) ዱቄት፣ ስለ ጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ ኮምጣጤ፣ ስለ «አልካላይን» ውኃና ስብ ያቀልጣል ስለሚባል ሻይ።

አንዲት ተማሪ ያመጣችው ለእናቷ በስልክ የደረሰ፣ ስለ አንድ «ሰውነት ማጽጃ ሻይ» የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። «ሰውነትሽ ለዓመታት የተጠራቀመ መርዝ ተሸክሟል» ብሎ ይጀምርና ድካምን፣ ራስ ምታትን፣ የሆድ መነፋትንና እንቅልፍ ማጣትን የመርዙ ምልክቶች አድርጎ ይዘረዝራል። ቀጥሎ «መድኃኒት ነጋዴዎች ይህን እንድታውቂ አይፈልጉም» ይላል፤ የአያቶቻችንን ጥበብ ያወድሳል፤ በ14 ቀን 6 ኪሎ ቀነስኩ የምትል ሴት ያመጣል፤ «የድሬ እናቶች ሁሉ እየጠጡት ነው» ካለ በኋላ ቅናሹ እስከ ዓርብ ብቻ መሆኑን አስታውቆ ያበቃል።

እኔ ያስተማርኳቸው እ.ኤ.አ. በ1937 በኒውዮርክ የተቋቋመው የፕሮፓጋንዳ ትንተና ተቋም ያወጣቸውን ሰባት ዘዴዎች ነው። እነሱም በእኛ ቋንቋ ስም መለጠፍ፣ አንጸባራቂ ጥቅል ቃል መናገር፣ የሌላውን ክብር መዋስ፣ ምስክር ማቆም፣ «እኔም ከእናንተው ነኝ» ማለት፣ የሚበጀውን ብቻ መርጦ መደርደር፣ «ሁሉም ገብቶበታል፣ አንተ ብቻ ቀረህ» ማለት ሊባሉ ይችላሉ። ተማሪዎቹ ሰባቱንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ከዚያ ጽሑፍ አወጡ። ደስ ብሎኝ ክፍሉን ልዘጋ ስል ጽሑፉን ያመጣችው ልጅ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ ይህ ሁሉ ቢኖርበትም ሻዩ የሚሠራ ቢሆንስ?» አለችኝ። ሌላው ደግሞ ጤና ጣቢያ የተለጠፈው የክትባት ሥዕል ላይም እናት ቆማ እንደምትመሰክር፣ «ሁላችንም እናስከትብ» የሚል ቃል እንዳለበት ጠቅሶ እሱም ፕሮፓጋንዳ ነው ወይ ሲል ጠየቀ።

ለሁለቱም የሰጠሁት መልስ ራሴን አላረካኝም። በጤና ሥራ፣ በማስታወቂያ ሥራ ወይም በማስተማር ያላችሁ ሰዎች ምን ትሉኛላችሁ?


ነርስ ከሳቢያን፦

ክቡር መምህር፣ የልጅቱ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ባትጠይቀው ኖሮ ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆን ነበር። አንድ ነገር በክፉ ዘዴ ስለተወራለት ሐሰት አይሆንም፣ በጨዋ ቋንቋ ስለተነገረለትም እውነት አይሆንም። ስለዚህ ጽሑፉ እንዴት እንደሚያሳምን መመርመርና የሚለው ነገር እውነት መሆኑን መመርመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከመጀመሪያው ቢነግሯቸው ጥሩ ይመስለኛል። ዘዴውን ማወቅ የሚጠቅመው የትኛው ዓረፍተ ነገር መመርመር እንዳለበት ስለሚጠቁም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መጀመሪያ መመርመር ያለበት «መርዝ» የሚለው ቃል ነው። እኛ ዘንድ መርዝ ስም አለው። በጫት ማሳ ላይ የሚረጭ ፀረ ተባይ የጠጣ ወይም የነካው ሰው ሲመጣ፣ ቤተሰቡን ጠርሙሱን አምጡልን የምንለው ስሙን ሳናውቅ ልናክመው ስለሚያስቸግረን ነው፤ የአንዳንዱ ፀረ ተባይ ማርከሻ አትሮፒን ሲሆን ለሌላው ግን አይሆንም። የሻዩ ጽሑፍ ግን መርዙ ማን እንደሚባል፣ በደም ውስጥ ይሁን በጉበት፣ በምን እንደሚለካ፣ ሻዩ ከተጠጣ በኋላ ስንት እንደቀነሰ አንዲት ቃል አይናገርም። ስም የሌለው መርዝ ሊለካ አይችልም፤ የማይለካ ነገር ደግሞ «ወጣልሽ» ቢሉን አልወጣም ብለን የምንከራከርበት መንገድ የለም። የሰውን ደም የሚያጣራው ኩላሊት በቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ አጣርቶ አብዛኛውን መልሶ ወደ ሰውነት የሚያስገባ አካል ነው፤ ጉበትም ጎጂውን ነገር ለውጦ እንዲወገድ የሚያደርግ አካል ነው። እነዚህ ሲደክሙ ሰውየው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው።

የምልክቶቹን ዝርዝርም ተማሪዎቹ ልብ ይበሉት። በድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ድካም የማይሰማው፣ ራሱን የማያመው፣ ሌሊት እንቅልፍ የማያጣ ማን አለ? ዝርዝሩ የተሠራው ማንም አንባቢ ራሱን እንዲያገኝበት ነው፤ ራሱን ያገኘ ሰው ደግሞ የቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ማስረጃ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ ልመለስ፤ ሻዩ ይሠራል ወይ? ይሠራል የሚባለው ምን ያደርጋል ተብሎ ነው? ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሻዮች ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፤ እናቶቻችን ሆድ ሲደርቅ የሚያውቁት ሰናመኪ። ትልቁን አንጀት አነሣሥቶ፣ ከተጠጣ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ያስቀምጣል። ይህን በእርግጥ ያደርጋል። በሚዛኑ ላይ የታየው ቅናሽ ግን በአብዛኛው ከውኃና በአንጀት ውስጥ ከነበረው ነገር የመጣ እንጂ የስብ አይደለም፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን በጥቂት ቀናት ሁለት ሦስት ኪሎ መውረዱ አያስገርምም፤ ሰውየው ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል። ለሳምንታት ሲወሰድ ፖታሺየም የሚባለውን ጨው ከሰውነት ያጓድላል፤ ይህ ጨው ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ውኃ በላብ በሚያልቅበት በእኛ ከተማ ደግሞ ጉዳቱ ፈጥኖ ይደርሳል። እንግዲህ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ የሆነውን ነገር ወስዶ ሌላ ስም ሰጠው። ማስቀመጡን «መንጻት» አለው፣ የውኃ ማነሱን ደግሞ «መቅጠን» አለው።

ስለ ምስክርነት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ይህን የምጽፈው ከልቤ ስለሚያመኝ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቷን አቁማ ለሁለት ወር ሻይ ስትጠጣ የቆየች እናት ለሌላ ጉዳይ መጥታ ስለካት 190 በ110 ሆኖ አገኘሁት። እሷ ግን «ቀለል ብሎኛል፣ ለጎረቤቶቼም ነግሬያለሁ» አለችኝ። አልዋሸችም። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ «ተሻለኝ» የሚል ምስክር ስለ ግፊቱ የሚነግረን ነገር የለም። እንደ ጨጓራና ቁርጥማት ያሉት ደግሞ የሚነሡና የሚበርዱ ሕመሞች ናቸው፤ ሰው መፍትሔ የሚፈልገው ሕመሙ ሲበረታበት በመሆኑ፣ ምንም ባይወስድ እንኳ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሊቀልለው ይችላል። ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ሳምንት የጠጣው ነገር ነው። ያልተሻለው ሰው ምስክርነት አይጽፍም፤ ቢጽፍም ሻጩ አያወጣለትም።


የማስታወቂያ ጸሐፊ የነበርኩ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦

ለሰባት ዓመት ያህል ለሱቆች ማስታወቂያ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ከእነዚያም መካከል የጤና ምርት የሚሸጡ ነበሩ። ከሥራው የወጣሁት እኅቴ ራሴ የጻፍኩትን አንብባ ለልጇ ስትገዛ ካየሁ በኋላ ነው። ስለዚህ መምህር፣ ዘዴዎቹ ከጸሐፊው ወንበር እንዴት እንደሚታዩ ልንገርዎ።

የመጀመሪያው ምክሬ ተማሪዎቹ ከቃላቱ ይልቅ ቅደም ተከተሉን እንዲያዩ ነው። ፍርሃቱ ከመፍትሔው በፊት ይመጣል፤ ጠላቱ ከማስረጃው በፊት ይመጣል። «መድኃኒት ነጋዴዎች እንድታውቂ አይፈልጉም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለምን ከፊት እንደተቀመጠ ያስቡት። እዚያ የተቀመጠው፣ በኋላ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ወይም ያስተማረችው ልጇ «እማዬ፣ ይህ ነገር ትክክል አይደለም» ብትላት መልሱ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ነው፤ ተቃዋሚው ሁሉ ገና አፉን ሳይከፍት የነጋዴዎቹ ወገን ሆኖ ተመድቧል። ከሰባቱ ዘዴዎች ስም መለጠፍ የምትሉት ይህ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የከፋ በመሆኑ ለብቻው አንድ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል። ሌሎቹ ዘዴዎች አንባቢውን ወደ ዕቃው ይስባሉ፤ ይህኛው ግን የሚመልሰውን ሰው ሁሉ ያርቅበታል።

ሁለተኛው የሰዋስው ጉዳይ ስለሆነ እርስዎን በቀጥታ ይመለከታል። አማርኛ አድራጊውን መደበቅ ሲፈልግ ይመቻል። «ተረጋግጧል»፣ «ይታመናል»፣ «በጥናት ተደርሶበታል» እንጽፍ ነበር፤ ማን አረጋገጠ፣ የት፣ በስንት ሰው ላይ የሚለው ግን በግሡ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ተማሪዎቹ እያንዳንዱን «ተ-» የሚል ግሥ አስምረውበት ባለቤቱን እንዲፈልጉ ቢያደርጉ፣ ባለቤት የሌላቸውን በቀላሉ ይለያሉ። «ያድናል» እና «ይረዳል» የሚሉትንም ያነጻጽሩ። «ስኳርን ያድናል» ብሎ መጻፍ አስጠያቂ ስለሆነ «ለስኳር ሕመምተኞች ይረዳል» እንል ነበር፤ አንባቢው ግን ያድናል ብሎ እንደሚያነበው እናውቅ ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ የድሬ ጉዳይ ነው። እኛ አንቱታ እንደማናበዛ፣ ታላቁንም ታናሹንም «አንተ፣ አንቺ» እንደምንል አገር ያውቀዋል፤ ይህ የከተማችን ፍቅር ነው። ጽሑፎቹ በ«እናንተ» ጀምረው ወደ መካከል ሲደርሱ ወደ «አንቺ» የሚለወጡት ይህንኑ ፍቅር ለመጠቀም ነው። «የድሬ ልጅ ነኝ፣ ለእኅቴ የማልሰጠውን ለአንቺ አልሰጥም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ። አንባቢዋ ከዚያ በኋላ የምታነበው የእኅትን ምክር እንጂ የሻጭን ቃል አይደለም።

መርጦ መደርደርን ለማሳየት ደግሞ የሽፈራውን ምሳሌ ይውሰዱ፤ ተማሪዎቹ በደብተራቸው ሊያሰሉት ይችላሉ። «የሽፈራው ዱቄት ከወተት 17 እጥፍ ካልሲየም አለው» የሚለውን ሁሉም ሰምቶታል። አሃዙ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም፤ 100 ግራም ደረቅ ዱቄት ወደ 2,000 ሚሊግራም፣ 100 ግራም ወተት ወደ 120 ሚሊግራም ካልሲየም ይኖረዋል ከሚል ስሌት የመጣ ነው። ነገር ግን አንዱ ውኃው ወጥቶለት የደረቀ ቅጠል ነው፣ ሌላው ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ ያህሉ ውኃ የሆነ ፈሳሽ ነው። ደግሞስ 100 ግራም ዱቄት በአንድ ቀን ማን ይበላል? 5 ግራም የምትይዝ አንድ ማንኪያ 100 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ስትሰጥ፣ ሩብ ሊትር የምትይዝ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ትሰጣለች። አሥራ ሰባት እጥፍ የተባለው ዱቄት በሰው እጅ ባለው መጠን ሲለካ ከወተቱ ሲሶ ሆነ። «ከብርቱካን 7 እጥፍ ቫይታሚን ሲ» የሚባለውም የሚነገረው ስለ እርጥብ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ አብዛኛው ቫይታሚን ሲ ይጠፋል፤ የሚሸጠው ግን ዱቄት ነው። በኮንሶ ሰዎች የሽፈራውን ቅጠል እንደ ጎመን ቀቅለው በብዛት ይመገቡታል፤ ጥሩ ምግብ ነው። ማስታወቂያው የምግቡን ዝና ወስዶ ለማንኪያው ሰጠው።

ዘዴው አዲስ እንዳይመስላቸው ደግሞ አንድ የድሮ ምሳሌ ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም ሥዕል ይዞ «ከሌላው ሲጋራ ይልቅ ብዙ ሐኪሞች ካሜል ያጨሳሉ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሌላ የሲጋራ ኩባንያ ሴቶችን ከጣፋጭ ይልቅ ሲጋራ እንዲያነሡ እየመከረ ሲጋራን የመቅጠኛ መንገድ አድርጎ ሸጦታል። ጋውኑ ዛሬም አለ፤ ከጀርባው ያለው ዕቃ ብቻ ተለውጧል።


ቅመማ ቅመም ነጋዴ ከጀጎል (ሐረር)፦

በጀጎል ውስጥ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ከርቤና ሰናመኪ እሸጣለሁ፤ አባቴም ይሸጡ ነበር። ነርሷ እኅታችን የጻፈችውን አከብራለሁ። ነገር ግን መምህር፣ ልጆቹ ከዚህ ትምህርት «ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው» የሚል ሐሳብ ይዘው እንዳይወጡ አደራ እላለሁ። እንዲህ ብሎ መደምደም ራሱ ስም መለጠፍ ነው፤ አገር በቀል ዕውቀትን በጅምላ «ኋላ ቀር» ብሎ መጣል ምንም ምርመራ አልተደረገበትም።

የእንዶድን ነገር አስተምሯቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አይተው ዝም አላሉም፣ ማስታወቂያም አልለጠፉም፤ በስንት መጠን፣ በስንት ሰዓት እንደሚገድል ለዓመታት ለኩ። እንዶድ ዓሣንም እንደሚገድል ተናገሩ። የታመመን ሰው እንደሚፈውስ አልተናገሩም፤ የሚሠራው ውኃው ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ተክሉ የእኛ ነው፣ ዕውቀቱም የልብስ አጣቢ ሴቶች ነው፤ ነገር ግን ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ለይቶ የሚናገር አንደበት ነበረው። ልጆቹ ይህን ከሻዩ ጽሑፍ አጠገብ አድርገው ያንብቡት።

አያቶቻችንም ቢሆኑ መጠን ያውቁ ነበር። ኮሶ ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለደካማ ሰው እንዲሁ አይሰጥም ነበር፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳ ይታወቃል። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ቃል ከአያቶቻችን አልመጣም። የእነሱን ስም የሚጠራ ጽሑፍ የእነሱን ጥንቃቄ ግን አይጠቅስም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ጥቁር አዝሙድን በተመለከተ በእምነታችን ስላለው ሐዲስ በአክብሮት እናገራለሁ። ከሞት በስተቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለበት ተላልፎልናል፤ እኔም አምናለሁ። «ሁሉ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚሰፋ ዑለማዎች ከጥንት ጀምሮ የተለያየ ማብራሪያ ሰጥተውበታል። ሐዲሱ ግን በጠርሙሱ ላይ ስለተለጠፈው ዋጋ፣ በቀን ሦስት ማንኪያ ስለሚለው ትእዛዝ፣ ኢንሱሊን ስለ ማቆም የተናገረው የለም። ሻጩ የሚያደርገው ለነቢዩ ቃል ያለንን አክብሮት ወስዶ ለራሱ ዘይት ማልበስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱን የጠየቀ ሰው ሃይማኖቱን የጠየቀ ይመስለዋል። በክርስቲያን ወንድሞቻችንም ዘንድ በፀበል ስም እንዲህ የሚያደርጉ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ የተናገሩት ለዚህ ነው። ተማሪዎችዎ ከሁለቱም ቤተ እምነት ስለሚመጡ ይህን ለይቶ ማሳየት የሚያስቀይም አይሆንም፤ እንዲያውም እምነትን ከነጋዴ እጅ ማዳን ነው።

«ሁሉም እየገዛ ነው» የሚለውን ደግሞ እኔ በገበያ ላይ አይቼዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና አገራችን ገባ ሲባል ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የሚፈልግ ሰው ደጄን አጨናነቀው። ከገዙት ብዙዎቹ ይከላከላል የሚል ማስረጃ አግኝተው አልነበረም፤ ሰልፉን አይተው ነው የተሰለፉት፤ የነሱ ሰልፍ ደግሞ ለሚቀጥለው ማስረጃ ሆነ።


ጡረተኛ መምህርት (ሐረር)፦

መምህር፣ ለ34 ዓመት አስተምሬአለሁና አንድ ስጋት ልንገርህ፤ በልጄ ልክ ስለማይህ አንተ ማለቴን ይቅር በለኝ። የዘዴ ስም ማስተማር ቶሎ ፍሬ ያፈራል፤ ፍሬው ግን ሁልጊዜ ጣፋጭ አይደለም። ያ የኒውዮርክ ተቋም በራሱ ዘመን የቀረበበት ነቀፋ ተማሪዎችን ሁሉን ተጠራጣሪ ያደርጋል የሚል ነበር፤ አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ከገባች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 ሥራውን አቆመ። እኔም ተመሳሳይ ነገር በክፍሌ አይቻለሁ። ልጆቹ ስሞቹን ከተማሩ በኋላ የማይወዱትን ጽሑፍ ሁሉ «ምስክር ማቆም ነው» ብለው ይጥሉታል፤ የሚወዱትን ግን አይነኩትም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያምኑበትን ጽሑፍ አምጥተው እንዲመረምሩ አድርግ።

የክትባቱን ሥዕል ያነሣው ልጅ መልካም በር ከፍቶልሃል። አዎን፣ በሥዕሉ ላይ እናቲቱ ትመሰክራለች፣ «ሁላችንም» ይላል፤ ዘዴው አንድ ነው። እንዲህ አይደለም ብለህ አትከራከረው። ልዩነቱ አንባቢው ከጽሑፉ ወጥቶ ሊያጣራው የሚችል ነገር መኖሩና አለመኖሩ ነው። ጤና ጣቢያው ክትባቱ የየትኛው በሽታ እንደሆነ ይናገራል፤ ክንድ ሊያብጥ፣ ትኩሳት ሊመጣ እንደሚችልና መቼ መመለስ እንዳለባት ለእናቲቱ ይነግራታል፤ ካርዱ ላይ ቀን ይጻፋል። የፈንጣጣን ዘመቻ እኔ በወጣትነቴ አስታውሳለሁ። ፈንጣጣ ጠፋ የተባለው በቃል ብቻ አልነበረም፤ የታመመ ሰው አለ ወይ እያሉ በየመንደሩ ሥዕል ይዘው የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ደግሞ በ1977 በሶማሊያ ተገኘ፤ መጥፋቱ የታወጀው በ1980 ነው። አንድ አዲስ ሕመምተኛ ቢገኝ አዋጁ ይፈርስ ነበር። የሻዩ ጽሑፍ እንዲፈርስ ምን መገኘት አለበት? ልጆቹን ይህን ጠይቃቸው። ብትቀጥን በሻዩ ነው፤ ባትቀጥን መርዙ ብዙ ስለነበረ ነው፤ ቢያማትም «መርዙ እየወጣ ስለሆነ ነው» ይላል።

ስለ ባለሙያ ምስክርም አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ላይነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. የ1954ን የኬሚስትሪና የ1962ን የሰላም ኖቤል ሽልማት የተቀበለ ታላቅ ሰው ነበር። በ1970 ግን ቫይታሚን ሲ በብዛት መውሰድ ጉንፋንን ይከላከላል ብሎ ጻፈ፤ በኋላ በብዙ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ለአብዛኛው ሰው ይህን አላሳዩም። ሰውየው አላጭበረበረም፤ የሚናገረውን ያምን ነበር። ስለዚህ ልጆቹ «ጸሐፊው ሐቀኛ ነው ወይ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ብቻ እንዳይቆሙ። ጽሑፉን ለእናቷ የላከችው ጎረቤትም ምናልባት ከልቧ ነው የላከችው።


መምህር ከለገሃሬ (ድሬዳዋ)፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እትዬ መምህርት፣ አንተ በመባሌ ደስ ብሎኛል።

ምክራችሁን ይዤ በዚህ ሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሠራሁ። በመጀመሪያው ባለቤት የሌላቸውን ግሦች አሰመሩ። በሻዩ ጽሑፍ ውስጥ 11 ተገኙ፤ ከ11ዱ ባለቤቱ ሊታወቅ የቻለው የአንዱ ብቻ ሲሆን እሱም ሻጩ ራሱ ነበር። የሽፈራውን ስሌት ሲሠሩ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር፤ አንድ ልጅ ቤቱ ያለውን ማንኪያ በወርቅ ቤት ሚዛን አስመዝኖ መጥቶ 5 ሳይሆን 4 ግራም መሆኑን አስታወቀን። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የጤና ጣቢያውን ወረቀትና የሻዩን ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርገው «ይህ ጽሑፍ ተሳስቷል የምንለው ምን ካየን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለሁለቱም እንዲመልሱ አደረግሁ። ለክትባቱ በአሥር ደቂቃ ጻፉ። ለሻዩ ብዙዎቹ ባዶ ወረቀት መለሱልኝ፤ ባዶ መሆኑ ስህተታቸው እንዳልሆነ ነገርኳቸው።

ከዚያ ጽሑፉን ያመጣችው ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ሻጩ እውነቱን ብቻ ቢጽፍ ምን ይጽፍ እንደነበር ራሷ ልትጽፈው እንደምትችል። ፈቀድኩላት። ነርሷ ስለ ሰናመኪ የጻፉትን አንብቤላት ነበርና፣ የእናቷን ፓኬት ጀርባ አይታ ሰናመኪ መኖሩን ካረጋገጠች በኋላ በማግስቱ ይህን አመጣች፤ በእሷ ፈቃድ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፦

«ይህ ሻይ ሰናመኪ አለበት። ሆድ ለደረቀበት ሰው ያስቀምጣል። ማታ ቢጠጡት ጠዋት ይሠራል። ክብደት የሚቀንሰው ውኃ ስለሚያወጣ ነው፤ ውኃ ሲጠጡ ይመለሳል። ከጥቂት ቀናት በላይ አይጠጡት። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይጠጣው። የግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ።»

ለእናቷም አንብባላት ነበር። እናቷ ሻዩን ወደ መደርደሪያው መልሳ ለሆድ ድርቀት እንደምታስቀምጠው፣ ለጎረቤቷ ደግሞ ይህንኑ ወረቀት እንድትገለብጥላት እንደጠየቀቻት ነግራኛለች።